መልስ፦ የአየርላንድ ራዲዮ አድማጮች ስለ አነጋገር ዘዬ ለምን ያማርራሉ?

የአየርላንድ የሕዝብ ማሰራጫ የሆነውን የአርቲኢን ጋዜጠኞች በአነጋገራቸው መተቸት ንቀት አይደለም ወይ ብለህ ጠይቀሃል፤ በዜናው አድልዎ አለ ብለህም ተናግረሃል። አንዳንዱ በእርግጥ ንቀት ነው። ከደብሊን ርቆ በሰሜን ምዕራብ የሚገኘው የዶኒጎል አውራጃ ሰው ዜና ሲያነብ «አይገባኝም» የሚል አድማጭ ጆሮውን ትንሽ ቢያለማምድ ይሻላል።

ዋናው ቅሬታ ግን ሌላ ነው። የአርቲኢ ዋና መሥሪያ ቤት ዶኒብሩክ ነው፤ ደብሊን 4 ከሚባለው የሀብታሞች አካባቢ። ብዙዎች የዚያን ሰፈር አነጋገር ሲሰሙ ፖለቲካውም ከዚያው ሰፈር ብቻ የሚታይ ይመስላቸዋል። እኔ በዚህ እስማማለሁ። የእርሻ ወይም የገጠር ሆስፒታል ጉዳይ ሲነሳ ጠያቂው ከየት እንደመጣ ከጥያቄው ያስታውቃል። እንደ ሃይላንድ ራዲዮና ራዲዮ ኬሪ ያሉ የአካባቢ ጣቢያዎች የሚወደዱትም ለዚህ ይመስለኛል። ፖለቲከኛውን በአገሩ ዘዬ ያፋጥጡታል። በአይሪሽ ቋንቋ የሚያሰራጨው ራዲዮ ና ጌልታክታም እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የየአካባቢውን ዘዬ እንዳለ ያሰማል። ደስ የሚል ነገር ነው!

አድልዎ ላልከው ግን ዘዬ ማስረጃ አይሆንም። የአየርላንድ የስርጭት ሕግ ዜና ሚዛናዊና ከወገንተኝነት የጸዳ እንዲሆን ያዛል። ፕሮግራሙንና ቀኑን ጠቅሰህ መጀመሪያ ለጣቢያው ጻፍ። መልሱ ካላረካህ የመገናኛ ብዙኃን ተቆጣጣሪው ኮሚሹን ና ማን ዘንድ አቤት በል።