መልስ፦ በግራፍ መስመር ጫፍ ላይ ስምንና ቁጥርን አብሮ ስለ መጻፍ

የድሬዳዋንና የሐረርን ወርኃዊ ሙቀት ማትፕሎትሊብ በተባለው የፓይተን ፕሮግራም ቋንቋ የግራፍ መሣያ በሁለት መስመር ስለው፣ በየመስመሩ ጫፍ የከተማውን ስምና የመጨረሻውን ቁጥር በአንድነት እንዴት እንደሚጽፉ ጠይቀዋል።

በመደመር ምልክት ሲያያይዙ ስህተት የመጣብዎት፣ ፓይተን ቁጥርን ከጽሑፍ ጋር በቀጥታ ስለማይደምር ነው። ከ3.6 ስሪት ጀምሮ ያለውን ኤፍ-ስትሪንግ ይጠቀሙ፤ ከትምህርተ ጥቅሱ በፊት ኤፍ ፊደልን አስቀድመው ተለዋዋጩን በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ካስገቡና ከነጥብ በኋላ አንድ አሃዝ ብቻ የሚያሳይ ቅርጸት ከሰጡት፣ 24.6666 የነበረው 24.7 ሆኖ ይታያል።

ጽሑፉን ለማስቀመጥ አኖቴት የተባለውን ተግባር እመርጣለሁ። የሙቀት ዝርዝሩን የመጨረሻ ዋጋ በመለያ ቁጥር -1 ጠርተው መነሻ ነጥብ ያድርጉት፤ ጽሑፉንም ስድስት ፖይንት (የፊደል መጠን መለኪያ) ያህል ወደ ቀኝ ያርቁት፤ አለዚያ ፊደሉ መስመሩ ላይ ይደረባል። ቀለሙን ከመስመሩ ይውሰዱለት፤ ያን ጊዜ አንባቢው በግራፉና በመግለጫ ሳጥኑ መካከል ዓይኑን ማመላለስ አያስፈልገውም።

እኔ እዚሁ ሐረር ስሠራ ብዙ ሰዓት ያባከነብኝ ሌላ ነገር ነበር፤ «ሐረር» ብዬ የጻፍኩት በባዶ ሳጥኖች ተተክቶ ወጣ። የማትፕሎትሊብ መደበኛ ፎንት የግዕዝ ፊደላት ስለሌሉት፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ጭነው በፎንት ቅንብሩ ላይ ስሙን ይጥቀሱ።