ሥዕሉ የማን ነው?

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። የሠራነው እንዳይወሰድብን ምን እናድርግ? ከመካከላቸው ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ እኔም ያለፍኩበት ነውና።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ሆነን የልጆች ተረት አፕ ሠርተናል። ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ተረቶቹን የጻፈው ጓደኛዬ ነው። ገጸ ባሕርያቱን የሣለችልን አብራን የተማረች ልጅ ናት። ትንሽ ገንዘብ ሰጥተናታል፤ የተፈራረምነው ነገር ግን የለም። አሁን ሌላ ቦታ ሥራ ይዛለች። በቅርቡ አንድ የስታርትአፕ ድጋፍ ፕሮግራም ተቀበለን። የአእምሯዊ ንብረት ጠበቃም ለስምንት ሰዓት በነጻ መደበልን። ጓደኛዬ “ቶሎ ፓተንት እናውጣበት” ይላል። ስምንቱን ሰዓት በምን ብንጠቀምበት ይሻላል?
ሰዓቱ እንዳያልቅብን የፈራን

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ። ስምንት ሰዓት ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ሰው ጠበቃ ፊት የሚቀመጠው ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው።

ፓተንቱን ለጊዜው ተዉት። ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ የሚሰጠው ለአዲስ የቴክኒክ መፍትሔ ነው። ተረት የሚያነብና ገጽ የሚገልጥ አፕ በአብዛኛው እዚያ አይደርስም። የእናንተ ሀብት የቅጂ መብት ነው። ኮዱም፣ ተረቱም፣ ሥዕሉም፣ ድምፁም በእሱ ይጠበቃሉ። ይሄ መብት ደግሞ ማመልከቻ አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈረመውና በኋላ እየተሻሻለ የመጣው ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ስምምነት፣ የበርን ስምምነት፣ በአባል አገሮቹ ውስጥ ጥበቃው በምዝገባ ላይ እንዳይመሠረት ያደርጋል። እ.ኤ.አ. የ1994ቱ የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት፣ ትሪፕስ፣ ደግሞ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ ሥነ ጽሑፍ ሥራ እንዲጠበቅ ደንግጓል።

ችግሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። መብቱ ወዲያው ይፈጠራል፤ የሚፈጠረው ግን በሣለችው ልጅ እጅ ነው። “ከፍለናት የለም ወይ?” ትሉኝ ይሆናል። መክፈል ብቻውን መብት አያስተላልፍም። ተቀጣሪያችሁ ካልነበረች፣ በአብዛኛው አገር የቅጂ መብቱ የእሷ ነው። እናንተ ያላችሁ ቢበዛ ሥዕሉን አፑ ላይ የመጠቀም ፈቃድ ነው፤ እሱም በቃል። ነገ መጽሐፍ እናትምበት፣ አሻንጉሊት እንሥራበት ብትሉ ፈቃዱ እዚያ ድረስ መሄዱን የምታሳዩበት ነገር የላችሁም።

ይሄን የተማርኩት በራሴ ሥራ ነው። ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር ትንሽ የአኒሜሽን ስቱዲዮ ነበረን። ጃንጥላ የያዘች ጥንቸል ነበረችን፤ ልጆች ይወዷት ነበር። የመጀመሪያውን ሥዕል የሠራልኝ የማውቀው ልጅ ነው። በሁለት ማታ ጨርሶ በኢሜይል ላከልኝ። ከፈልኩት፣ አመሰገንኩት፣ በዚያው ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ አሳታሚ ጥንቸሏን መጽሐፍና ደብተር ላይ ማውጣት ፈለገ። የጠየቀን አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ መብቱ የእናንተ መሆኑን አሳዩኝ አለ። ልጁን ስፈልገው ስልኩ ተቀይሯል። ሰባት ሳምንት ፈጀብኝ። ሳገኘው በደስታ ፈረመልኝ። አሳታሚው ግን ሌላ ገጸ ባሕርይ መርጦ ሄዶ ነበር። ልጁ ምንም አላጠፋም። ወረቀቱን በኢሜይሉ ማግስት ማዘጋጀት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ከስምንቱ ሰዓት የመጀመሪያዎቹን ለሥዕሉ የመብት ማስተላለፊያ ውል አውሉት። ከዚያ በፊት ግን ልጅቷን ራሳችሁ አነጋግሯት። ከጠበቃ ደብዳቤ በፊት የእናንተን ድምፅ ትስማ። አፑ የት እንደደረሰ፣ ምን እንዳሰባችሁ በግልጽ ንገሯት። ያኔ የሰጣችኋት ለወዳጅነት ያህል ከነበረ አሁን የሚገባትን ክፈሏት። ገንዘብ ከሌላችሁ ከገቢው ድርሻ ይኑራት። አንድ ልጅ አፑን የሚከፍተው መጀመሪያ ሥዕሉን አይቶ ነው። እሷን እንደ እንቅፋት የሚያይ ሰው ሲያጋጥመኝ በጣም አዝናለሁ።

ውሉ ላይ “ሥዕሎቹ በሙሉ” ብሎ ማለፍ አይበቃም። ፋይሎቹ በየስማቸው ተዘርዝረው አባሪ ይሁኑ። መለወጥ፣ ማንቀሳቀስ፣ ማተም፣ አሻንጉሊት ማድረግ፣ በሌላ ቋንቋ ማውጣት፤ እያንዳንዱ ተለይቶ ይጻፍ። በየትኞቹ አገሮች፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚለውም እንዲሁ። ስሟም ይጠቀስ። በበርን ስምምነት መሠረት የገንዘብ መብቷን ካስተላለፈች በኋላም ሥራው የእሷ መሆኑ እንዲታወቅ የመጠየቅ መብት አላት። “መብቱን አሳልፌ አልሰጥም” ካለች አትጣሉ። ለእናንተ ብቻ የሚሆን የጽሑፍ ፈቃድ ጠይቋት። እሱም ብዙ መንገድ ያስኬዳል።

ቀጥሎ እናንተ ሁለታችሁ አላችሁ። ይሄን ሰው ያፍርበታል፤ በጓደኛ መካከል ውል ምን ያደርጋል ይባላል። ግን ድርጅቱ ከመቋቋሙ በፊት የጻፍከው ኮድ ያንተ እንጂ የድርጅቱ አይደለም። ተረቶቹም የጓደኛህ ናቸው። ሁለታችሁም ለድርጅቱ በጽሑፍ አስተላልፉ። የዶሜይኑ፣ የአፕ ስቶሩና የኮድ ማከማቻው አካውንት በማን ኢሜይል እንደተከፈተም ዛሬውኑ እዩ። በአንዳችሁ የግል ኢሜይል ከሆነ ወደ ድርጅቱ አዙሩት።

የቀረውን ሰዓት ከሌላ ሰው ለወሰዳችሁት ነገር አድርጉት። ፎንት፣ ሙዚቃ፣ የድምፅ ኢፌክት፣ ክፍት ምንጭ ኮድ (ባለቤቱ ሌሎች እንዲጠቀሙበት በይፋ የለቀቀው)። ጠበቃው ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ዝርዝሩን ራሳችሁ ሥሩት፤ የእሱን ሰዓት በዚህ አታባክኑ። እያንዳንዱ ላይሰንስ፣ ማለትም የአጠቃቀም ፈቃድ፣ አለው። ኤምአይቲ የሚባለው የኮድ ላይሰንስ የሚጠይቀው በመሠረቱ የቅጂ መብትና የፈቃድ ማስታወሻውን እንድታቆዩለት ነው። ጂፒኤል የሚባለው የኮድ ላይሰንስ ግን ሌላ ነው። በእሱ የወጣ ኮድ ከራሳችሁ ጋር አዋህዳችሁ አፑን ካሰራጫችሁ፣ የራሳችሁንም ምንጭ ኮድ በዚያው ላይሰንስ የመስጠት ግዴታ ይመጣል። ሙዚቃው ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባለው ዝግጁ የፈቃድ ዓይነት ወጥቶ “ለንግድ አይውልም” የሚል ከሆነም የሚሸጥ አፕ ውስጥ አታስገቡት። ባለሀብት ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስቆፍረው ይሄን ነው።

ጥያቄ፦ ለዲጂታል ትምህርት ሥራዬ የድርጅት ስም አስመዝግቤያለሁ። ዶሜይኑንም ገዝቻለሁ። አሁንም የንግድ ምልክት አስመዝግቢ ይሉኛል። አንድ ስም ስንቴ ይመዘገባል?
የደከመኝ

መልስ፦ እህቴ፣ ድካምሽ ይገባኛል። ግን ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የድርጅት ስም ድርጅቱን ከሌሎች ድርጅቶች ይለያል። ዶሜይን አድራሻ ነው። ሌላ ሰው በአንቺ ስም ተመሳሳይ አገልግሎት እንዳይሸጥ ለመከልከል ጠንካራ መሣሪያ የሚሰጥሽ የንግድ ምልክቱ ነው።

ምልክት የሚመዘገበው በዘርፍ ነው። ዕቃና አገልግሎትን በዘርፍ የሚከፍለው ዓለም አቀፍ ዝርዝር፣ የኒስ ምደባ የሚባለው፣ 45 ክፍሎች አሉት፤ 34ቱ ለዕቃ፣ 11ዱ ለአገልግሎት። የሚወርድ ሶፍትዌር 9ኛው ውስጥ ይገባል። ትምህርትና መዝናኛ 41ኛው ነው። በኢንተርኔት ላይ የሚሰጥ የሶፍትዌር አገልግሎት ደግሞ 42ኛው። ሁሉንም አትያዥ፤ የምትሠሪበትን ምረጪ። ከማመልከትሽ በፊት የዓለም አቀፉ የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት፣ ዋይፖ፣ በነጻ በከፈተው የዓለም ምልክቶች የመረጃ ቋት ላይ ስሙን ፈልጊ። የምታመለክቺበትን ቢሮ መዝገብም እዪ። በድምፅ የሚመሳሰለውንም ፈትሺ፤ ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው እዚያ ነው።

ወደ ሌሎች አገሮች የምትሄጂ ከሆነ ከመጀመሪያው ማመልከቻ በኋላ 6 ወር አለሽ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስለ ፓተንትና ንግድ ምልክት በተደረገው የፓሪስ ስምምነት አባል በሆኑ ሌሎች አገሮች ካመለከትሽ የመጀመሪያው ቀንሽ ይቆጠርልሻል። የማድሪድ ሥርዓት በሚባለው ዓለም አቀፍ የምልክት ምዝገባ አባል ለሆኑ አገሮች በአንድ ማመልከቻ መጠየቅም ይቻላል። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። መጀመሪያ ያመለከትሽበት አገር ያለው መነሻ ምልክት በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ከወደቀ ዓለም አቀፉ ምዝገባም አብሮት ይወድቃል።

ጥያቄ፦ ኔትወርክ ሲደክም ድምፅ ሳይቆራረጥ የሚያስተላልፍ ዘዴ ፈጥሬያለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በስታርትአፕ ውድድር መድረክ ላይ አቀርባለሁ። ዳኞቹን የምስጢር ስምምነት ላስፈርማቸው?
ቀኑ የቀረበበት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዳኞቹ ቢፈርሙልህ እንኳ አዳራሹ አይፈርምም። ያንተ ጉዳይ ከላይ ከጠየቁኝ ልጆች ይለያል። የቴክኒክ መፍትሔ ነው፤ ፓተንት ሊያገኝ ይችላል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። በአውሮፓ ፓተንት ሕግ ከማመልከቻ በፊት ራስህ በአደባባይ የገለጽከው ነገር አዲስነቱን ያጣል። አሜሪካ ለፈጣሪው የ1 ዓመት ጊዜ ትሰጣለች፤ በዚያ ተማምነህ ግን ሌላውን ዓለም አትጣ።

ዘዴው አገልጋይ ኮምፒውተርህ ላይ ብቻ የሚሠራና ከውጭ የማይታይ ከሆነ በንግድ ምስጢርነት መያዝም አለ። ያኔ ማን እንደሚያየው መገደብና የሚያዩትን ማስፈረም አለብህ። ስልክ ላይ የሚጫን ከሆነ ግን ፈትቶ የሚያየው ይኖራል፤ እኔ ፓተንቱን እመርጣለሁ። ካመለከትክ በኋላ በሌሎች አገሮች ለመቀጠል 12 ወር አለህ።

ብቻህን አትሥራው። ዋይፖ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከየአገሩ ተቋማት ጋር የቴክኖሎጂና የፈጠራ ድጋፍ ማዕከላትን ሲያደራጅ ቆይቷል። በአገርህ ካለ ተመሳሳይ ፈጠራ ቀድሞ መኖሩን ለማየት የሚደረገውን የፓተንት ፍለጋ ያግዙሃል። ዋይፖ በአንዳንድ አገሮች ደግሞ አቅም የሌላቸውን ፈጣሪዎች በበጎ ፈቃድ ከሚሠሩ የፓተንት ጠበቆች ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም አለው። በዚህ ሳምንት ጠይቅ።

በሦስት ሳምንት ማመልከቻው ካልደረሰም ውድድሩን አትተው። መድረኩ ላይ ሁለት ስልክ ይዘህ ውጣ፤ በደከመ ኔትወርክ ላይ የሚቆራረጠውንና የማይቆራረጠውን ድምፅ አሰማቸው። ዘዴው ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳየውን ስላይድ ግን ዛሬውኑ አውጣው፤ ለአዘጋጆቹ ቀድመህ በምትልከው ፋይል ውስጥም እንዳይቀር።