«ሐይቁ የማኅበሩ ነው» ተብዬ መረቤን ተቀማሁ፤ መብቴ ምንድን ነው?

ጥያቄው የመጣው ከምዕራብ ጎጃም ነው። ጠያቂው ስማቸው እንዳይወጣ ፈልገዋል። ደብዳቤያቸው ረዘም ስለሚል ዋናውን ብቻ ላቅርብ።

«ቤቴ ከአንዲት ትንሽ ሐይቅ ዳር ነው። ሐይቋ ጥልቀት የላትም፤ በበጋ ሰው እስከ ደረቱ እየገባ ያቋርጣታል። ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ቆሮሶና አምባዛ እያጠመድን እንበላለን። በሁዳዴ ፈላጊው ስለሚበዛ የተረፈንን እንሸጣለን። አሁን ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ከወረዳ ፈቃድ አወጡ። ‹ሐይቁ የእኛ ነው› ብለው መረቤን ቀሙኝ። እነሱ ግን ጣት የማያሳልፍ መረብ ይጥላሉ። ወደ ሐይቋ በሚገባው ወንዝ ላይ ደግሞ ዓሣ የሚመርዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ የሚበትኑ ሰዎች አሉ። ዳር ያሉት ገበሬዎች ለሽንኩርታቸው ውኃውን በሞተር ይስባሉ። ዓሣው አንሷል። የሚያዘውም ከመዳፍ አይበልጥም። መብቴ ምንድን ነው? ማንን ልክሰስ?»

ከባለቤትነቱ እንጀምር። ሐይቁ የማኅበሩ አይደለም። የእርስዎም አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም ውኃን የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት አድርጎታል። ማኅበሩ ያገኘው የማጥመድ ፈቃድ ብቻ ነው። ፈቃድ የሰጠ አካል ሊቆጣጠረው፣ ሊያግደውና ሊሰርዘው ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራዎ ፈቃዱን ማየት ነው። ብዙ ሰው በወሬ ይከራከራል፤ ወረቀቱን ግን አላየውም። ወደ ወረዳው የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ጽሕፈት ቤት ይሂዱና ቅጂ እንዲሰጥዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሲያገኙት እነዚህን ይመልከቱ፦ ሙሉውን ሐይቅ ይሸፍናል ወይስ የተወሰነ ቦታ? ሌላ ሰው እንዳያጠምድ ይከለክላል? ስለ መረብ ዓይነትና ስለ ወቅት ምን ይላል? ጊዜው አላለፈም? ብዙ ክርክር እዚያችው ወረቀት ላይ ያልቃል።

የእርስዎንም ጎን ሳልሸፋፍን ልንገርዎት። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለቤቱ ጉርስ የሚያጠምደውንና ለንግድ የሚያጠምደውን ለይቶ ያያል። ለንግድ ማጥመድ ፈቃድ ይጠይቃል። ክልሉም የራሱ የዓሣ ሕግ አለው። ለቤትዎ ሲያጠምዱ ጥሩ መከራከሪያ አለዎት። በሁዳዴ ሲሸጡ ግን ተከራካሪዎ «ይኸው ነግዷል» ሊልዎት ይችላል። ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በራስዎ ስም ፈቃድ መጠየቅ ነው። ሌላው ማኅበሩ የኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነ አባል ልሁን ብሎ ማመልከት ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት አባልነት በፈቃደኝነት የሚገባበትና መስፈርቱን ለሚያሟላ ሁሉ ክፍት ነው። አዛውንት ስለሆኑ ወይም ከእነሱ ጋር ስላልተስማሙ ብቻ ሊመልሱዎት አይገባም። ከመለሱዎት ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ።

መረብዎን በተመለከተ ነገሩ ግልጽ ነው። ጥፋት አጥፍተው ቢሆን እንኳ መረብ የመያዝ ሥልጣን ያለው ሕጉ ያቋቋመው ተቆጣጣሪ ወይም ፖሊስ ነው። የማኅበር አባል እንደማንኛውም ሰው ነው፤ ከእጅዎ ንብረት መንጠቅ አይችልም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 ይዞታው የተነጠቀ ሰው ንብረቱ እንዲመለስለት፣ ለጉዳቱም ካሣ እንዲከፈለው መጠየቅ ይችላል ይላል። የማስመለሱ ክስ ግን በሁለት ዓመት ይታገዳል። ለፖሊስም አመልክተው የማመልከቻውን ቅጂ ያስቀሩ። አደራዎን፣ ልጆችዎን አስከትለው መረቡን በጉልበት ለማምጣት አይሂዱ። በአንድ መረብ ምክንያት ደም ከፈሰሰ በኋላ ነገሩን የሚያነሣው ሽማግሌም ሕግም ይቸገራል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ፤ ወደ ዓሣው። መረብዎ ተመልሶ ሐይቁ ባዶ ከሆነ ምን ያደርግልዎታል?

ቆሮሶ የሚራባው ጥልቀት በሌለው ዳር ነው። ወንዱ መሬቱን ቆፍሮ ጎጆ ይሠራል። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች፤ ከተፈለፈሉም በኋላ ጫጩቶቹ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በዚያ ወቅት አንዲት እናት ሲያወጡ የሚሞተው ከነልጆቿ ነው። እንደ እርስዎ ሐይቅ ባለ ትንሽና ጥልቀት በሌለው ውኃ ደግሞ ዓሣው ከመረብ የሚሸሽበት ጥልቅ ቦታ የለውም።

ብርብራውም እንዲሁ ነው። የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ ወንዝ ላይ ሲበተን ትልቁንም ትንሹንም አይለይም። በጣና ነጭ ዓሣ የሚባሉት በርካታ ዝርያዎች በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። አጥማጁም ብርብራውም የሚጠብቃቸው እዚያው መግቢያው ላይ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ጣና ከገቡ በኋላ የእነዚህ ዓሣዎች ቁጥር እጅግ መቀነሱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ያ ሁሉ ስፋት ያለው ጣና እንዲህ ከሆነ የእርስዎ ሐይቅ ስንት ክረምት ይችላል?

በመርዝና በፈንጂ ማጥመድ ክልክል ነው። ፈቃድ ያለውም የሌለውም አይችልም። ሲያዩ ቀኑን፣ ቦታውንና አብሮዎ ያየውን ሰው ይጻፉ። የሞቱ ዓሣዎችን በስልክ ፎቶ ያንሡ። በዚያው ቀን ለቀበሌና ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ያስታውቁ። ዓሣውን አንሥተው አይብሉ፤ ከብቱንም ከዚያ ውኃ ያርቁ።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። «ዓሣው ትንሽ ሆኗል» ማለት ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ቆሮሶ ውኃ ሲያንሰው ወይም ሲጨናነቅ ገና ትንሽ ሳለ መራባት ይጀምራል፤ ሳያድግም ይቀራል። የማኅበሩ ጠበቃ «ጥፋቱ የመረቡ አይደለም፤ ውኃው ስለጎደለ ነው» ሊል ይችላል። በከፊል እውነት ሊኖረውም ይችላል። ስለዚህ ከጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ መጥቶ መረቡን፣ የሚያዘውን ዓሣና የውኃውን መጠን እንዲያይና ሪፖርት እንዲጽፍ በማመልከቻ ይጠይቁ። የባለሙያ ወረቀት ከአሥር ምስክር ይሻላል።

ሞተሮቹ ከዚሁ ጋር ይያያዛሉ። አዋጅ 197/1992 በባሕላዊ መንገድ ለሚያጠጣ ገበሬ ፈቃድ አይጠይቅም። ብዙ ሞተር ደርድሮ ሐይቅ መሳብ ግን ባሕላዊ ነው ብሎ መከራከር የሚከብድ ይመስለኛል። ያም ሆኖ እነዚህን ሰዎች መክሰስ የመጀመሪያ እርምጃዎ አይሁን። ጎረቤቶችዎ ናቸው፤ እነሱም ልጅ ያሳድጋሉ። ቀበሌውና ሽማግሌው ባሉበት ውኃው ከዚህ በታች ሲወርድ ሞተር ይቁም የሚል ስምምነት ቢጻፍ ከፍርድ የፈጠነ ነው። ስምምነቱ ላይ ለሽንኩርቱ የሚረጨው ፀረ ተባይ ዕቃ ሐይቁ ውስጥ እንዳይታጠብም ያስገቡ።

ስምምነት ካልተገኘና ብክለት ካለ፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ትልቅ በር ይከፍታል። ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም በውሳኔው ካልተስማማ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። አቤቱታውን ብቻዎን ከሚያስገቡ የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች አብረው ቢፈርሙበት ይመረጣል።

በደብዳቤዎ ላይ መረቡ የተወሰደበትን ቀን አልጻፉልኝም። ከላይ ያልኩት ሁለት ዓመት የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው። ቀኑን ከፈቃዱ ቅጂ ጋር ይላኩልኝ፤ የመረቡን ክስ አብረን እናዘጋጃለን።