የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የአልማዝ ውበትና የቆራጩ እጅ

ጥያቄ፦ ክብደታቸው እኩል ከሆነ ሁለት አልማዞች አንደኛው ከሌላው እጅግ አብልጦ የሚያበራው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ቀለማቸውና ጥራታቸው ተቀራራቢ ከሆነ ልዩነቱ በአብዛኛው የሚመነጨው ከአቆራረጡ ነው። ያልተቆረጠ አልማዝ ብዙውን ጊዜ ደብዘዝ ያለና ቅባት የነካው የሚመስል ጠጠር ነው። ነገር ግን ብርሃንን በኃይል የማጠፍ ባሕርይ ስላለው፣ የታችኛው ገጾቹ በትክክለኛ ማዕዘን ከተቆረጡ ከላይ የገባው ጨረር ማምለጫ አጥቶ ከገጽ ወደ ገጽ ይንጸባረቅና ተመልሶ ወደ ተመልካቹ ዓይን ይወጣል። የታችኛው ክፍል ከመጠን በላይ ዝርግ ወይም ጥልቅ ከሆነ ብርሃኑ በታች ወይም በጎን ሾልኮ ስለሚጠፋ ድንጋዩ ይፈዛል። የአልማዝ ቆራጮች ቤተሰብ ተወላጅ የሆነው መሐንዲስ ማርሴል ቶልኮቭስኪ በ1919 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስሌት ለክብ አልማዝ የታችኛው ገጾች ማዕዘን 40.75፣ የላይኛው ደግሞ 34.5 ዲግሪ እንዲሆን አቅርቧል።

ውበት ክብደትን ያስከፍላል። ኮሂኑር የተባለው ዝነኛ አልማዝ በ1851 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ለሕዝብ ሲታይ ድምቀት አንሶት ተመልካቹን ቅር አሰኝቶ ነበር፤ በማግስቱ ዓመት እንደገና ሲቆረጥ ከ186 ካራት (የከበሩ ድንጋዮች የክብደት መለኪያ) ወደ 106 ገደማ ወረደ። ብዙ ቆራጮች ይህን ኪሳራ በመሸሽ ለሚዛኑ ሲሉ ብርሃኑን ይሠዋሉ፤ በእኔ እምነት ይህ ድንጋዩን መበደል ነው።

ማለስለሱ የሚከናወነው የአልማዝ ዱቄትና ዘይት በተቀባ የሚሽከረከር የብረት ዲስክ ላይ ነው፤ በደንብ ያልለሰለሰ ገጽ የሚተዋቸው ጥቃቅን ጭረቶች ብርሃኑን ይበትኑታል። ስለዚህ በሚገዙበት ጊዜ ከካራቱ አስቀድመው ስለ አቆራረጡ ደረጃ ይጠይቁ።