የአንባቢያን ጥያቄ፦ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስመጣት፣ ከሻንሲ ቁጥር እስከ ታርጋ

ጥያቄ፦ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። አባቴ አዲስ አበባ ይነዳው የነበረውን ዓይነት ቮልስ ጀርመን አገር አገኘሁ። ሻጩ «የ1968 ሞዴል ነው፣ 12,000 ዶላር» ይላል። ሊብሬው በጀርመንኛ ነው። ገንዘቡን ከመላኬ በፊት ምን ላረጋግጥ? አሜሪካ ከገባ በኋላስ ታርጋ እስካወጣ ድረስ ምን ይጠብቀኛል?

መልስ፦ በዕድሜው በኩል አያስቡ። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከተሠራ 25 ዓመት የሞላውን መኪና ከደኅንነት መስፈርቱ ነፃ ያደርጋል። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ 21 ዓመት የሞላውን፣ እንደተሠራ ያለውን መኪና ከጭስ መስፈርቱ ነፃ ያደርጋል። የ1968 ቮልስ ሁለቱንም ካለፈ ቆይቷል። ሰው ገንዘቡን የሚያጣው በዕድሜ ሳይሆን በቁጥር ነው፦ ብረቱ ላይ የተመታው ሻንሲ ቁጥርና ወረቀቱ ላይ ያለው ሳይገጥሙ ሲቀሩ።

ስለዚህ ሻጩን የኋላውን መቀመጫ እንዲያነሣና ቪዲዮ እንዲልክልዎ ይጠይቁት። በቮልስ ወለል መሐል ለመሐል ከፊት ወደ ኋላ የሚያልፍ ከፍ ያለ የብረት ቦይ አለ፤ ቁጥሩ የተመታው እዚያ ላይ፣ ከኋላው መቀመጫ ሥር ነው። ያው ቁጥር ከፊት ኮፈኑ ውስጥ፣ ከስኮርታው ጀርባ ባለች ትንሽ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ላይም ይገኛል። ቪዲዮው ሳይቋረጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሂድ፤ ፎቶ ከሆነ ከሌላ መኪና ሊነሣ ይችላል።

ቁጥሩን ማንበብ ከባድ አይደለም። ከ1965 እስከ 1969 ሞዴል ድረስ 9 አሃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች የመኪናውን ዓይነት፣ ሦስተኛው የሞዴሉን ዓመት ይናገራሉ። በ118 የሚጀምር ከሆነ የ1968 ሞዴል ባለ ጣሪያ ቮልስ ነው፤ በ117 ከጀመረ የ1967 ነው። የቮልስ የሞዴል ዓመት የሚጀምረው ካለፈው ዓመት ኦገስት በመሆኑ፣ በ1967 መጨረሻ የተሠራ መኪና 118 ቢል ስሕተት የለበትም። ከ1970 ሞዴል ጀምሮ ቁጥሩ 10 አሃዝ ሆኗል።

አሁን ብረቱን ይመልከቱ። የቮልስ ወለል ይዝጋል፣ በተለይ ባትሪው ከሚቀመጥበት ከቀኙ የኋላ መቀመጫ ሥር። ደህና ቀጥቃጭ የግራና የቀኙን ወለል ቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበይዳል፣ የመሐሉን ቦይ ግን አይነካውም። እንዲህ ያለ ጥገና ቢያዩ አይደንግጡ። በቁጥሩ ዙሪያ የብየዳ መስመር፣ የተሞረደ ብረት፣ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ወፈር ያለ አዲስ ቀለም ወይም ያልተስተካከለ የአሃዝ አደራደር ካዩ ግን ይተዉት። ዋጋው ቢቀነስም ይተዉት። ቁጥሩ ተነካክቷል የተባለ መኪና ጉምሩክ ከያዘው በኋላ ማስለቀቅ እጅግ ከባድ ነው።

ሞተሩንም ይጠይቁ። የሞተር ቁጥሩ ከዲናሞው መቀመጫ ሥር፣ ሞተሩ አካል ላይ ነው፤ በፊደል ይጀምራል። በ1968 ለጀርመን ገበያ በተሠሩት ላይ ዲ (1200)፣ ኤፍ (1300) ወይም ኤች (1500) ይጠበቃል። ኤዲ የሚል ካገኙ ከኦገስት 1970 ወዲህ የመጣው 1600 ሞተር ነው፤ ተቀይሯል ማለት ነው። ቅያሪ ሞተር በቮልስ ላይ የተለመደ ቢሆንም የጭሱ ነፃነት የተሰጠው በመጀመሪያው ይዞታው ላለ መኪና ነው። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ለትራንዚተርዎ ያሳውቁና ሊገባ ስለመቻሉ በጽሑፍ መልስ ይያዙ።

የጀርመን ሊብሬ ሁለት ወረቀት ነው። ክፍል አንድ መኪናው ውስጥ የሚያዘው ነው። ለእርስዎ ዋናው ክፍል ሁለት ነው፤ ከኦክቶበር 2005 በፊት «ፋርዞይግብሪፍ» ይባል ነበር። ኦሪጅናሉ ሻጩ እጅ ከሌለ አይክፈሉ። በ«ኢ» (E) ረድፍ ያለው ሻንሲ ቁጥር፣ በ«ቢ» (B) ረድፍ ያለው መጀመሪያ የተመዘገበበት ቀን ነው። የተሠራበትን ቀን የሚያስረዳ ወረቀት ከፈለጉ ቮልፍስቡርግ የሚገኘው የቮልስዋገን አውቶሙዚየም በሻንሲ ቁጥሩ ፈልጎ የልደት ምስክር ወረቀት በክፍያ ያወጣል፤ የመጀመሪያውን ቀለምና የተላከበትን አገር ጭምር ይነግርዎታል። ለቮልስ ወዳጅ ገንዘቡ የሚያስቆጭ አይደለም።

ለጭነት ከብሬመርሃቨን ወደ ባልቲሞር መኪና እየተነዳ የሚገባባቸው መርከቦች ይመላለሳሉ፤ ለእርስዎ ባልቲሞር ቅርብ ነው። ከመጫኑ በፊት ሥሩ በእንፋሎት ይታጠብ፣ ደረሰኙም ይቀመጥ። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የውጭ አፈር እንዲገባ አይፈቅድም፤ በቮልስ ደግሞ ጭቃው የሚጠራቀመው ከመከላከያዎቹ ውስጠኛ ጎን ነው፣ ከውጭ አይታይም። አፈር ከተገኘ መኪናው በእርስዎ ወጪ እስኪጸዳ ይያዛል። መኪናው ውስጥ ዕቃ አይጫን፤ መለዋወጫም ቢሆን ለብቻው ይላክ።

በኮንቴይነር የሚመጣ ከሆነ የአስመጪው የቅድሚያ መረጃ ዕቃው መርከብ ላይ ከመጫኑ 24 ሰዓት በፊት ለጉምሩክ መግባት አለበት። ሳይገባ የቀረ እስከ 5,000 ዶላር ያስቀጣል። ብዙ ሰው ትራንዚተር የሚፈልገው መርከቡ ከተነሣ በኋላ ስለሆነ እዚህ ላይ ይወድቃል። ትራንዚተርዎን መኪናው መጫኛው ወደብ ከመድረሱ በፊት ይያዙ።

ወደብ ላይ የሚሞሉት ሦስት ወረቀቶች ናቸው። በደኅንነቱ ቅጽ፣ በኤችኤስ-7፣ ሳጥን 1 ላይ ምልክት ይደረጋል። በአካባቢ ጥበቃው ቅጽ 3520-1 ላይ «ኢ» (E) የሚለው ኮድ ይሞላል። ሦስተኛው የጉምሩክ መግለጫው 7501 ነው፤ በዚህኛው ላይ ዓይንዎን አይንቀሉ። ትራንዚተሮች የዕቃውን ዓይነት «ያገለገለ መኪና» ብለው ጽፈው ሻንሲ ቁጥሩን ይዘሉታል። ጉምሩክ ያልፍዎታል፣ ታርጋ የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ግን ይመልስዎታል፤ ያኔ ሰነድ ማሳረም ሳምንታት ይፈጃል። የ7501 ረቂቁ ከመግባቱ በፊት ይላክልዎ፣ ቁጥሩን አሃዝ በአሃዝ ያስተያዩ። ስምዎም በመርከብ ሰነዱ፣ በሽያጭ ውሉና በ7501 ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። በፓስፖርት የአያት ስም ያለበት፣ በመንጃ ፈቃድ የሌለበት ወገን ብዙ ስለሆነ ይህን ጠበቅ አድርገን እንናገራለን።

ለተሳፋሪ መኪና መሠረታዊው ቀረጥ 2.5 በመቶ ነው፤ በ12,000 ዶላር ላይ 300 ይሆናል። የጉምሩክ አገልግሎት ክፍያው 0.3464 በመቶ፣ የወደቡ 0.125 በመቶ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ 57 ዶላር ግድም ይመጣሉ። ከ2,500 ዶላር በላይ ስለሆነ የዋስትና ሰነድም ይገዛሉ። በ2025 በመኪኖች ላይ የተጣለው የ25 በመቶ ተጨማሪ ታሪፍ 25 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን አይመለከትም። ይሁንና በየአገሩ የሚጣለው ታሪፍ ደጋግሞ ስለተለዋወጠ፣ በሚገዙበት ሳምንት የሚሠራውን ምጣኔ ትራንዚተሩ በጽሑፍ ይስጥዎ።

ቨርጂኒያ ላይ የሽያጭ ታክሱ 4.15 በመቶ ነው፤ ለእርስዎ 498 ዶላር። የጀርመኑን ኦሪጅናል ሊብሬ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር፣ የሽያጭ ውሉን፣ 7501ንና ኤችኤስ-7ን ይዘው ይሂዱ። ባለ 17 አሃዝ ቁጥር የመጣው ከ1981 ሞዴል ወዲህ ስለሆነ፣ ሠራተኛው «ቁጥሩ አጠረ» ቢል ይህን በትሕትና ያስረዱ፤ ዜሮ ጨምሮ እንዲሞላ ግን አይፍቀዱ።

25 ዓመት ለሞላው መኪና «አንቲክ» የሚባለው ታርጋ አለ። ክፍያው 10 ዶላር ነው፣ በየዓመቱ አይታደስም፣ ዓመታዊ ምርመራም የለበትም። በምትኩ ለዕለት ተዕለት የሚጠቀሙበት ሌላ የተመዘገበ መኪና እንዲኖርዎ ይጠየቃል፤ አንቲኩን ወደ ሥራ መመላለሻ ማድረግም አይፈቀድም። ለትርዒት፣ ለሰልፍ፣ ለጥገና፣ እንዲሁም አልፎ አልፎ ለሽርሽር ከቤትዎ እስከ 250 ማይል መንዳት ይችላሉ። በየቀኑ ልንዳው ካሉ መደበኛ ታርጋ ያውጡና ምርመራውን ያሳልፉት።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ዱባይ ነው። የ1994 ላንድክሩዘር ፒክአፕ፣ ሞተሩ ዲዝል፣ በ20,000 ዶላር አግኝቶልኛል። ቀረጡ ያው 2.5 በመቶ ነው አይደል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አይደለም። ፒክአፕ የጭነት መኪና ስለሆነ 25 በመቶ ይከፍላል፤ የእርስዎ 5,000 ዶላር ነው። ይህ ቀረጥ ከ1964 ጀምሮ ያለ ነው። አውሮፓውያን በአሜሪካ ዶሮ ላይ ቀረጥ በጣሉ ጊዜ አሜሪካ በአጸፋው የጣለችው ነው፤ ዛሬም «የዶሮ ቀረጥ» ይሉታል። ኋላው ወንበርና መስኮት ያለው ስቴሽኑ ላንድክሩዘር በተሳፋሪ ይመደባል፤ ምርጫ ካለዎት ልዩነቱን ያስቡበት። ፒክአፑ ላይ ወንበር ገጥሞ «የተሳፋሪ ነው» ማለት የሐሰት መግለጫ ነው፤ የሚመክርዎ ቢኖር አይስሙት።

ዲዝል መሆኑ አያግደውም። ወንድምዎ ግን ሞተሩ የራሱ መሆኑን ያጣራ። ባለ 4.2 ሊትሩ 1ኤችዜድ ሞተር ቱርቦ ስለሌለው ጋራዦች በቱርቦው 1ኤችዲ ይቀይሩታል። ሻንሲ ቁጥሩ በቀኝ በኩል፣ ከፊት ጎማው አጠገብ፣ ዋናው የሻንሲ ብረት ላይ ነው የተመታው፤ በረሃ የተነዳ መኪና ላይ በቅባትና በአሸዋ ተሸፍኖ ይገኛል፣ በነዳጅና በጨርቅ እንጂ በብረት ቡሩሽ አይፈተግ።

ጥያቄ፦ በሜክሲኮ የተሠራ የ2002 ቮልስ ወደ ሎስ አንጀለስ ማስገባት እፈልጋለሁ። አዲስ ስለሆነ አይቀልም?

መልስ፦ በተቃራኒው፣ ከሁሉም ከባዱ እሱ ነው። ፑዌብላ የነበረው ፋብሪካ የመጨረሻውን ቮልስ ያወጣው ጁላይ 30 ቀን 2003 ነው። 25 ዓመቱ የሚቆጠረው ከተሠራበት ወር እንጂ ከሞዴሉ ዓመት ስላልሆነ፣ የመጨረሻዎቹ እስከ ጁላይ 2028 ይጠብቃሉ። የተሠራበት ወር መኪናው ላይ ካልተጻፈ፣ ከ25 ዓመት በፊት መሸጡን ወይም መመዝገቡን የሚያሳይ ሰነድ ያስፈልጋል። የሜክሲኮ ቦዲ በ1970 ሻንሲ ላይ ጭነው «አሮጌ ነው» ብለው የሚሸጡ አሉ፤ አይግዙ።

ካሊፎርኒያ ደግሞ ከፌዴራሉ ይጠብቃል። የ1975 ሞዴልና ከዚያ በፊት ያለ ቤንዚን መኪና ከጭስ ምርመራ ነፃ ነው። ከ1976 ወዲህ የሆነ፣ ለአሜሪካ ገበያ ያልተሠራ መኪና ግን በተፈቀደለት ላቦራቶሪ ተስተካክሎና ተፈትኖ ማረጋገጫ ካላገኘ አይመዘገብም፤ ወጪው ከቮልሱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። እዚያው የምትኖሩ ከሆነ የ1975ንና ከዚያ በፊት ያለውን ፈልጉ።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ነኝ። የ1971 ቮልስ ከአሜሪካ ላምጣ ብል «ኤች» የሚለውን የታሪካዊ መኪና ታርጋ አገኛለሁ?

መልስ፦ 30 ዓመት የሞላውና ይዞታው ያልተለወጠ ከሆነ ታገኛለህ። ጀርመን ጉምሩክ ላይ 30 ዓመት የሞላው፣ በመጀመሪያ ይዞታው ያለ፣ ማምረቱም የቆመ ሞዴል የሰብሳቢ ዕቃ ተብሎ ቀረጥ ሳይከፍል በ7 በመቶ ታክስ ብቻ ይገባል። ያልተሟላ ነው ከተባለ በመደበኛው ታሪፍ 10 በመቶ ቀረጥና 19 በመቶ ታክስ ይሆናል። ሰፊ ጎማና ዘመናዊ ሞተር የተገጠመለት ቮልስ የሚወድቀው እዚህ ነው። ፎቶዎቹንና ያለፈ ታሪኩን የሚያሳዩ ወረቀቶች መርከቡ ሳይደርስ ለጉምሩክ አስተላላፊህ ስጠው።

ቀጥሎ ለመንገድ ብቁ መሆኑ በጀርመን የተሽከርካሪ ፈቃድ ደንብ አንቀጽ 21፣ ኤች መሆኑ በአንቀጽ 23 ይመረመራል፤ ሁለቱንም አንድ መርማሪ በአንድ ቀን ሊሠራቸው ይችላል። ለአሜሪካ በተሠሩ ቮልሶች ላይ የሚያስቸግረው መብራቱ ነው፦ የአውሮፓ የ«ኢ» ምልክት የሌለው የፊት መብራትና የኋላው ቀይ ፍሬቻ። ለዚያው ዘመን የተሠራውን የአውሮፓ መብራትና ብርቱካናማ የፍሬቻ መስተዋት ቀድመህ ግጠም፤ ዕቃው በየመለዋወጫ ሱቁ አለ። የኤች ታርጋ ዓመታዊ ግብር ሞተሩ ምንም ያህል ቢሆን 191.73 ዩሮ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። እኅቴ ከጀርመን የ1974 መርሴዲስ ልትልክልኝ ትችላለች?

መልስ፦ አትችልም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። እዚያው ያለውን ይፈልጉና እኅትዎ የጠፋውን መለዋወጫ ይላኩ። ሲገዙ ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር እርስዎ ራስዎ ያመሳክሩ። ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ካልተስተካከለ፣ ማስተካከያው በሻጩ ስም ይለቅ፤ ቀሪው ክፍያ ከዚያ በኋላ ይሁን።