ኮብል፣ አስፋልት፣ ጭቃ፦ ለሦስቱም የሚሆን የሳይክል ጎማ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከአየር ጤና ሜክሲኮ በሳይክል ነው ስራ ምመላለሰው። ሳይክሌ ባለ 26 ማውንቴን ባይክ ነው፣ ጎማው ትልልቅ ጥርስ አለው። ከቤት ስወጣ ኮብል ነው፣ ከዛ አስፋልት፣ ቢሮ አካባቢ መንገዱ ስለተቆፈረ ክረምት ላይ ጭቃ ነው። አስፋልት ላይ ጎማው ይጮሃል፣ ያደክመኛልም። ጓደኞቼ ቀጭን ልሙጥ ጎማ አስገባና ተገላገል ይሉኛል፣ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልሙጥ ያሉት ላይ ግማሽ እውነት አለ፣ ቀጭን ያሉትን ግን እንዳትሰማቸው። ያ ጩኸት ጥርሶቹ አስፋልቱን በየተራ ሲመቱ ሚመጣ ነው፣ እያንዳንዱ ጥርስ መሬት ሲነካ ይጣመማል ከዛ ተመልሶ ይቃናል፣ ሚያጣምመው ደሞ ያንተ ጉልበት ነው። ስለዚ መሀሉ ላይ ጥርሱ ዝቅ ያለና የተጠጋጋ፣ ዳርና ዳሩ ላይ ግን ከፍ ያለ ጥርስ ያለው ጎማ ፈልግ። ቀጥ ብለህ ስትነዳ አስፋልቱን ሚነካው መሀሉ ነው፣ ዳሩ ሚሰራው ጎማው ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ወይ ስትታጠፍ ጋደል ሲል ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ ደሞ መሀሉ ለስላሳ ነው ብለህ አትስጋ፣ የሳይክል ጎማ ጠባብና ክብ ስለሆነ በኛ ፍጥነት ውሃውን ራሱ እየገፋ ነው ሚያልፈው።

ስፋቱን ግን አትቀንስ። እኔ አንድ ክረምት ሙሉ ስፋቱ 1.5 ኢንች በሆነ ጎማ ነድቻለሁ። አስፋልቱ ላይ እውነትም ቀለለኝ፣ ኮብሉ ላይ ግን ቀጭን ጎማ ንፋሱን ጠንከር አርገህ ካልሞላኸው ቸርኬው ድንጋዩን ይመታል፣ ጠንከር ስታረገው ደሞ ከድንጋይ ድንጋይ ይዘላል፣ አንድ ቀን ዝናቡ እንዳባራ ቁልቁለት ላይ ፊተኛው ጎማ በሁለት ድንጋይ መሀል ገባና መሪው ከእጄ ወጣ፣ ሁለት ሳምንት ክንዴን ማንሳት አልቻልኩም። ኮብል ሲቆይ መኪና እያሸው ፊቱ እንደ ሳህን ይለሰልሳል። እዛ ላይ ሚይዝህ ጥርስ አይደለም፣ ጎማው ሰፋ ብሎ ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ ሲያርፍ ነው። ከ1.95 እስከ 2.1 ኢንች በቂህ ነው።

ንፋሱ ከጎማው ምርጫ እኩል ነው፣ እንደውም ይበልጣል። ወደ 70 ኪሎ ምትመዝን ከሆነ በዚ ስፋት ከፊት 35፣ ከኋላ 40 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ጀምር፣ ክብደትህ ወደ ኋላ ስለሚያደላ ነው ልዩነቱ። ጎሚስታ ጋ ስትሄድ ዝም ብለህ ቆመህ አትጠብቅ፣ ቁጥሩን ንገረው፣ ጌጁ ባር በሚባለው መለኪያ ከሆነ 2.4 እና 2.8 ገደማ በለው። ካልተናገርክ ድንጋይ እስኪሆን ነው ሚሞላልህ፣ ከዛ ጎማው መጥፎ ነው ትላለህ። ከመነዳሪ ስትገዛም አፉ እንደ መኪናው ወፍራሙ ይሁን፣ ቀጭኑ በየመንገዱ ያለ ጎሚስታ ጋ አይገጥምም።

ሱቅ ስትሄድ 26 የሚለውን ብቻ አይተህ አትክፈል። የጎማው ጎን ላይ በትንንሹ 50-559 አይነት ነገር ተጽፏል፣ ሁለተኛው ቁጥር የቸርኬው መጠን ነው፣ ያንተ 559 ነው። 26 ተብሎ ከጎኑ 1 3/8 ተብሎ በክፍልፋይ የተጻፈ ካየህ የድሮው የከተማ ሳይክል ጎማ ነው፣ 590 ስለሆነ አይገባልህም። ብሩ ለአንድ ጎማ ብቻ ከበቃህ ኋላውን ቀይር፣ ሚከብድህ በብዛት እሱ ነው፣ ጥርሳሙ ከፊት ሆኖ ጭቃው ላይ መሪህን ይይዝልሃል።

ጥያቄ፦ ባህር ዳር ነው ምኖረው። ጎማዬን አስለጥፌ በማግስቱ ወይ በሁለተኛው ቀን ይተነፍሳል፣ ሙጫው ይሆን? ከውጭ ዘመድ ሊመጣልኝ ስለሆነ ምን ላስመጣ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሙጫው በፊት ጎማውን ፈትሺ። የፈነዳ የከባድ መኪና ጎማ መንገድ ዳር ጥሎት ሚሄደው ፀጉር ሚያክል ሽቦ አለ፣ ጎማው ውስጥ ተሰክቶ ይቀርና የተለጠፈውን ከመነዳሪ እንደገና ይበሳዋል። ከመነዳሪው የተበሳበትን ቦታ ጎማው ላይ አስተያይተሽ ከውስጥ በኩል በጣትሽ ቀስ ብለሽ ዳብሺ፣ ብዙ ጊዜ ከውጭ አይታይም፣ ጣትሽን ጫር ሲያረግሽ ነው ምታገኚው፣ በወረንጦ ንቀዪው። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካየሽ ግን ሽቦ አይደለም፣ ንፋስ አንሶት ቸርኬው ከመነዳሪውን ከድንጋይ ጋር ቆንጥጦታል። ለዘመድሽ ሽዋልቤ ማራቶን ፕላስ ሚባለውን ጎማ በያቸው፣ ውስጡ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላስቲክ ስላለው ሽቦው ከመነዳሪው ጋ አይደርስም። ይከብዳል፣ ጭቃም ላይ ብዙ አይረዳሽም፣ ባህር ዳር ግን ሜዳ ስለሆነ ክብደቱን እምብዛም አታውቂውም። የጎማሽን ቁጥር ከጎኑ ላይ ፎቶ አንስተሽ ላኪላቸው።