«ታይትሌ ሦስቴ ተመለሰብኝ፣ ምን ልሥራ?» ላለችው እህታችን

ጥያቄሽን ያየሁት ማታ ነው። ከላይ ላላነበበው ባጭሩ ልድገመው። ሕብረተሰብ ጤና የመጨረሻ ዓመት ነሽ፣ ትምህርትሽ ደሴ፣ ቤተሰብሽ ባቲ። ያቀረብሻቸው ሦስት የመመረቂያ ጥናት ርዕሶች «የተሠራበት ነው፣ ወቅታዊ የጤና ጉዳይ አምጪ» ተብለው ተመልሰዋል። ብር የለሽም፣ ዳታ የምትሰበስቢውም መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ነው። የመለሱልሽ ልጆች ረዣዥም የርዕስ ዝርዝር ለጥፈውልሻል። እኔ ዝርዝር የለኝም። ያለኝ አንድ ርዕስ ነው፣ እሱም ከራሴ ስህተት የመጣ። ትንሽ ስለሚረዝም ቡና ይዘሽ አንብቢው።

የኔ ርዕስ «የአጎበር አጠቃቀምና ተያያዥ ምክንያቶች» ነበር፣ ቃሉ ወረዳ። ምን ልዋሽሽ፣ ከሌላ ሰው ጥናት ላይ የወረዳውን ስም ቀይሬ ነው የወሰድኩት። ሳምፕል ሳይዙም (የሚጠየቀው ሰው ብዛት) ያው የምታውቂው ነው። ፒ (የሚገመተው ድርሻ) 50 በመቶ፣ ቀመሩ 384 ይሰጣል፣ መልስ ለማይሰጡት አሥር በመቶ ሲጨመርበት 422። (ወሎ ውስጥ ከ422ቱ አንዱ ሆኖ ያልተጠየቀ አባወራ ካለ እጁን ያውጣ።)

አንድ ቀን ሀርቡ አካባቢ አንዲት እናት ቤት ገባሁ። ቡና ቀርቧል። በኛ አገር ቡና ሳይቀምሱ መውጣት የለምና ቁጭ አልኩ፣ መጠይቄን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። «እትዬ፣ ትናንት ማታ አጎበር ውስጥ ነው የተኙት?» አልኳቸው። «አዎ የኔ ልጅ፣ ምን ጥያቄ አለው!» አሉ። «ልጆቹስ?» «እነሱም።» ሁለቱንም «አዎ» ላይ አከበብኩ። ቶናው ሲቀዳ ከጓሮ የጫጩት ጩኸት ሰምቼ ዞር አልኩ። ጫጩቶቹን ከጭልፊት የከለለው መረብ ሰማያዊ አጎበር ነው። ጫፉ ላይ ያለው መለያ ጨርቅ እንኳ አልተነቀለም። ቀና ስል ደግሞ ልጆቹ የሚተኙበት መደብ ታየኝ። ከበላዩ ገመድ የለም፣ ምስማር የለም። እትዬ ዓይኔን ተከትለው አዩና ሳቁ። «እንዴ! ከጤና መጥቶ ለጠየቀ ሰው 'አልተኛሁም' ይባላል እንዴ?» አሉኝ።

እና ምን አደረግኩ? «አዎ» ብዬ ተውኩት። መጠይቄ ላይ «አይተህ መዝግብ» የሚል ቦታ አልነበረማ። ዲፌንስ (ጥናቴን ለመምህራን ያቀረብኩበት ቀን) ላይ አንድ መምህር «ከነዚህ ሁሉ አጎበሮች ስንቱን በዓይንህ አየህ?» ሲሉኝ አፌ ተያዘ። አለፍኩ፣ ግን ጥናቱ የሚያወራው ስለ አጎበር ሳይሆን ስለ ወሎዬ ጨዋነት ነበር። ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ። ያንን ውጤት ይዤ አንድም ውሳኔ ወስኜ አላውቅም።

ስለዚህ ሰው በአፉ የሚነግርሽን ብቻ ሳይሆን ዓይንሽ የሚያየውን፣ እጅሽ የሚቆጥረውን የሚጠይቅ ርዕስ ፈልጊ። አንቺ ደግሞ የባቲ ልጅ ነሽ። የውሃ በርሜል ቁጠሪ።

አትሳቂ፣ ላስረዳሽ። እኛ የተማርነው ወባ ከ2,000 ሜትር በታች፣ በገጠር፣ ከዝናብ በኋላ ባቆረ ውሃ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል፣ በበጋው ይበርዳል። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ወባ አስተላላፊ ትንኝ ግን በዚህ ደንብ አትመራም። አገሯ ደቡብ እስያና የዓረብ ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ገባች። በዚያ ዓመት ጅቡቲ የመዘገበችው ወባ 27 ሰው ነበር። በ2020 73,535 ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2016 እኛ አገር ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። ቀጥሎ በምሥራቁ በኩል በተደረገ ፍለጋ ከተገኘችባቸው ከተሞች አንዷ ያንቺዋ ባቲ ናት። በ2022 ድሬዳዋ ላይ፣ ያውም በበጋ፣ የተነሳው የወባ ወረርሽኝም ከሷ ጋር ተያይዟል። ይቺ ትንኝ ከተማ ትወዳለች። የምትራባው በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ገንዳ ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ነው። ዝናብ አትጠብቅም። በጋውን በሙሉ ውሃውን እኛው እናጠራቅምላታለንና።

አሁን መንገዱን አስቢው። ከጅቡቲ በሚሌ አድርጎ ኮምቦልቻ የሚገባው ከባድ መኪና ሁሉ ባቲን አቋርጦ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው፣ በርሜል የሌለው ቤት የለም። «ወቅታዊ ጉዳይ አምጪ» ላሉሽ ሰዎች ከዚህ የበለጠ ምን ይምጣላቸው? በ2024 እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። መግቢያሽ በዚህ ይጀምር።

አሠራሩ ርካሽ ነው። ነጭ ጭልፋ፣ ነጭ ሳህን፣ የእጅ ባትሪ። ክዳኑን በቀስታ ታነሺያለሽ፣ ጥላሽ ውሃው ላይ እንዳያርፍ። ጥላ ካዩ እጮቹ (ገና ትንኝ ያልሆኑት፣ ውሃ ውስጥ ያሉት ትሎች) ወደ ታች ይሰምጣሉ፣ ያኔ ደቂቃ ቆመሽ መጠበቅ ነው። ቀድተሽ ሳህኑ ላይ ስትገለብጪው ይታዩሻል። እጩ ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ጋለል ብሎ ከተንሳፈፈ አኖፊለስ ነው፣ የወባ አስተላላፊዎቹ ወገን። ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ በጅራቱ በኩል ከተንጠለጠለ ሌላ የትንኝ ወገን ነው፣ ኩሌክስ ወይም ኤደስ። ኤደስም ብታገኚ ኪሳራ የለውም፣ የዴንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው እሷ ናትና ለብቻ መዝግቢው። አንድ ነገር ግን አደራ። በዓይንሽ አይተሽ «ስቴፈንሲ አገኘሁ» ብለሽ እንዳትጽፊ። ዝርያው የሚለየው ትንኝ ሆና ካደገች በኋላ በማይክሮስኮፕ፣ ሲሆን ደግሞ በዘረመል ምርመራ ነው። የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ደሴ ቅርንጫፍ አለው፣ ከአድቫይዘርሽ ደብዳቤ ይዘሽ ሄደሽ ናሙና ያዩልሽ እንደሆነ ጠይቂ። እምቢ ቢሉሽም «የአኖፊለስ እጭ የተገኘበት የቤት ውሃ ማጠራቀሚያ» የሚል ርዕስ ለመመረቂያ ከበቂ በላይ ነው።

መጠይቁን አጭር አድርጊው። ከሁሉ በላይ የምትፈልጊው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ በርሜል ለመጨረሻ ጊዜ ተሟጦ የታጠበው መቼ ነው? እንቁላሉ ትንኝ ሆኖ ለመብረር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። በየሳምንቱ የሚሟጠጥና ከመጣ ጀምሮ ግርጌው ያልታየ በርሜል ልዩነታቸው እዚያው ሳህኑ ላይ ይታይሻል። ክዳን አለው ወይ ብለሽ አትጠይቂ፣ እይው። ክዳን አለው ማለት ተከድኗል ማለት አይደለም። ስሌቱ ላይ ደግሞ የአንድ ቤት በርሜሎች ጠባያቸው እንደሚመሳሰል አትርሺ። መቶ በርሜል መቶ ቤት አይደለም። ይህንን ስታትስቲክስ የሚያውቅ ሰው አማክሪ፣ እኔ እዚህ ላይ ጎበዝ አይደለሁም።

ዳታ ሰብሳቢ ከቀጠርሽ የሚያዩትን ፎቶ እንዲያነሱ አድርጊ። የኔ አንዱ ልጅ ሠላሳ ምናምን መጠይቅ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ሞልቶ አመጣልኝ። የያዝኩት እንዴት መሰለሽ? የሁሉም ቤት ቤተሰብ ቁጥር አምስት ነበር። ሁሉም! ጥዬው እንደገና ዞርኩ፣ በእግሬ። በርሜልና ሳህን ግን በስልክ ይነሳል፣ ሰዓቱም አብሮ ይመዘገባል። ኮቦ የሚባለውን የመጠይቅ መሙያ መተግበሪያ ስልክሽ ላይ ጫኚ፣ ወረቀት ማባዛትም ይቀርልሻል።

ከላይ አንድ ወንድም «ከካርድ ክፍል መዝገብ ሥሪ፣ ይቀላል» ብሎሻል። ይቀል ነበር። ግን ከ2014 ዓ.ም.ቱ ጦርነት በኋላ እኛ አካባቢ ስንቱ ጤና ጣቢያ የድሮ መዝገቡ እንደተረፈለት ሳታረጋግጪ ፕሮፖዛል እንዳትጽፊ። አንድ ተማሪ አምስት ዓመት ብሎ ጽፎ፣ ሄዶ ሲያይ የሁለቱ ዓመት መዝገብ የለም። ሌላዋ ደግሞ ያለ ማዘዣ ስለሚሸጥ አንቲባዮቲክ ያነሳችው ጥሩ ነው፣ መድኃኒት ተላማጅ ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በቀጥታ 1.27 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። ግን የመድኃኒት ቤቱን ሰው «ያለ ማዘዣ ትሸጣለህ?» ብትዪው ምን ይልሻል? እንደ እትዬ ነው የሚመልስልሽ። ደንበኛ መስለሽ ገብተሽ ካላየሽ አይሆንም፣ ያ ደግሞ በኤቲክስ (የጥናት ሥነ ምግባር) ኮሚቴ ብዙ ያመላልሳል። ባንቺ ጊዜ አይደርስም።

ደብዳቤውን አሁኑኑ ጀምሪ፣ ዳታ ከመሰብሰብ ይልቅ የሚያቆይሽ እሱ ነው። ኤቲካል ክሊራንስ (የኮሚቴው ፈቃድ) ሳይወጣ አንድም ቤት እንዳታንኳኪ። ባቲ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሥር ስለሆነች የትብብር ደብዳቤሽ ወደ ደቡብ ወሎ ጤና መምሪያ አይደለም የሚጻፈው፣ ወደ ዞኑ ዋና ከተማ፣ ወደ ከሚሴ ነው። አንድ ጓደኛችን ይህን ሳያውቅ ሳምንት ሙሉ ደሴ ላይ ቢሮ ለቢሮ ተንከራቷል። መጠይቁን ወደ ኦሮምኛም አስተርጉሚ፣ አማርኛው ብቻ ግማሹን ሰፈር ያስቀርብሻል። የጤና ኤክስቴንሽኗን አስቀድመሽ ስልክ ደውለሽ አነጋግሪያት። እሷ ይዛሽ ካልገባች የማንንም በርሜል ክዳን አታነሺም፣ እውነታቸውን ነው፣ የሚጠጡት ውሃ ነው። ጭልፋሽን እፊታቸው እጠቢ።

ሰኞ ግን ሥራ አትጀምሪ። ገበያ ነው፣ ቤት ሰው አታገኚም። ማክሰኞ ጠዋት ውጪ፣ ፕሮፖዛሉን ስትጨርሺ እዚሁ ላኪልኝ፣ አነበዋለሁ።